የማንቸስተር የእሳት እራት፦ የአንድ ማስረጃ ታሪክ



ዛሬ እንድናገር የተጋበዝሁት ስለ ዝግመተ ለውጥ ማስረጃዎችና ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ አሠራር ነው። ርእሱ ሰፊ ነው። በአንድ ሰዓት ሁሉንም ልዳስስ ብል አንዱንም በቅጡ ሳላስረዳ እቀራለሁ። ስለዚህ ከብዙዎቹ ማስረጃዎች አንዱን ብቻ መርጬ ታሪኩን ከመነሻው እስከ ዛሬ ልተርክላችሁ አስቤአለሁ።

ለምርጫዬ ምክንያት የሆነኝ የአንድ ተማሪዬ ጥያቄ ነው። ባለፈው ዓመት ከክፍል ስንወጣ ወደ እኔ ቀረበና በስልኩ አንድ ፎቶግራፍ አሳየኝ። በመማሪያ መጻሕፍት የምናውቀው፣ አንዲት ነጭና አንዲት ጥቁር የእሳት እራት በዛፍ ግንድ ላይ ጎን ለጎን አርፈው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ነበር። «መምህር፣ እነዚህ ነፍሳት ሞተው ዛፉ ላይ የተለጠፉ ናቸው ይባላል። እውነት ከሆነ የተማርነው ሁሉ ሐሰት መሆኑ አይደለም?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ለሌላ ክፍል እየተቻኮልሁ፣ «ፎቶግራፉ ማሳያ እንጂ ማስረጃ አይደለም» ብዬው አለፍሁ። መልሱ ትክክል ነበር፤ ግን በቂ አልነበረም። ማሳያ ካልሆነ ማስረጃው ምንድን ነው? ያን ዕለት ሳልመልሰው የቀረሁት ይህንን ነው፤ ዛሬ ዕዳዬን ልክፈል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ ከነፍሳቷ ልጀምር። ሳይንሳዊ ስሟ ባይስተን ቤቱላሪያ ይባላል። እንግሊዞች ግን ነጭ ክንፏ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ስለሚመስል በቁንዶ በርበሬ ስም ይጠሯታል። ሌሊት ትበራለች፤ ቀን ዛፍ ላይ ተለጥፋ ሳትንቀሳቀስ ትውላለች። በእንግሊዝ አገር የብዙ ዛፎች ቅርፊት ላይከን በሚባል ግራጫማ ነጭ ሽፋን ይለብስ ስለነበር፣ በዚያ ላይ ያረፈችን ነጭ የእሳት እራት ለይቶ ማየት ለሰውም ለወፍም አስቸጋሪ ነበር።

በ1848 ኤድልስተን የተባለ ነፍሳት ሰብሳቢ በማንቸስተር ከተማ ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነች የዚህች ዝርያ አባል ያዘ። ግኝቱን በጽሑፍ ያሳወቀው በ1864 ነው። ማንቸስተር በዚያ ዘመን የጥጥ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች። የድንጋይ ከሰል ጭስ ሰማይዋን ሸፍኖታል፤ በጭሱ ውስጥ ያለው የድኝ ጋዝ ላይከኑን ገደለው፤ ጥቀርሻውም የዛፎቹን ግንድ አጠቆረው። በ1895 በማንቸስተር አካባቢ ከሚያዙት የዚህች ዝርያ የእሳት እራቶች መካከል 98 በመቶ ያህሉ ጥቁሮች ሆነው ተገኙ። ዝርያዋ በዓመት አንዴ ብቻ ትራባለች። እንግዲህ ከአምሳ ባነሰ ትውልድ ውስጥ ብርቅ የነበረው መልክ የተለመደ፣ የተለመደውም ብርቅ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቻርልስ ዳርዊንን ማንሳት ግድ ይላል። ዳርዊን «የዝርያዎች አመጣጥ» የተሰኘውን መጽሐፉን በ1859 ሲያሳትም የጎደለው አንድ ትልቅ ነገር ነበር፤ እርሱም በዱር ውስጥ ሲካሄድ በዓይን የታየ ተፈጥሯዊ ምርጫ ነው። ስለዚህ ሙግቱን የጀመረው ከአርቢዎች ነበር። ሰው እርግቦችን እየመረጠ በማራባት መልካቸውን ይህን ያህል መለወጥ ከቻለ፣ ተፈጥሮም ረጅም ዘመን ካገኘች ከዚህ የበለጠ ማድረግ ትችላለች አለ። ሂደቱ ግን እጅግ አዝጋሚ በመሆኑ ሲካሄድ ሊታይ አይችልም ብሎ ያምን ነበር። ይህን ሲጽፍ ከመኖሪያው በባቡር የአንድ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት ላይ ለውጡ እየተካሄደ ነበር።

ይባስ ብሎም የሚነግረው ሰው አግኝቶ ነበር። በኅዳር 1878 አልበርት ፋርን የተባለ ነፍሳት ሰብሳቢ ለዳርዊን ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው የሚናገረው ስለ ሌላ የእሳት እራት ዝርያ ነው። መልኳ እንደምትኖርበት አፈር እንደሚለያይ፣ ነጭ ጠመኔ በሞላበት ተዳፋት ላይ የነበሩት ነጫጮች የኖራ ማቃጠያ ምድጃዎች ጭስ ቦታውን ካጠቆረው ወዲህ እየጠቆሩ እንደመጡ ያትታል፤ ይህም ለሁኔታው የሚስማማው ተርፎ የመቅረቱ ምሳሌ ይሆን ወይ ሲልም ይጠይቃል። ዳርዊን መልስ ስለመስጠቱ የሚያሳይ ሰነድ አልተገኘም። በ1882 ሲያርፍ ሲፈልገው የኖረው ማስረጃ በደብዳቤ ክምር ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ስለ ወፎች የሚናገረውን መላ ምት በ1896 በግልጽ ያቀረበው ጄ. ደብልዩ. ተት ነው። ጥቀርሻ በለበሰ ግንድ ላይ ነጯ ትጋለጣለች፤ ጥቁሯ ትሰወራለች፤ ወፎች የተጋለጠችውን ለቅመው ይበላሉ፤ የተረፈችው መልኳን ለልጆቿ ታወርሳለች አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሆኖም በጊዜው የነበሩ ብዙ ሊቃውንት ወፎች ያረፉ የእሳት እራቶችን ይህን ያህል ሲበሉ አላየንም በማለት አልተቀበሉትም።

ከመቀጠሌ በፊት ተማሪዎች እንዲይዙልኝ የምፈልገው ነጥብ አለ። ተፈጥሯዊ ምርጫ እንዲካሄድ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ በአንድ ዝርያ አባላት መካከል ልዩነት መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ልዩነቱ በሕይወት የመቆየትንና የመራባትን ዕድል የሚነካ መሆን አለበት። ሦስቱ ከተገናኙ ለውጡ አይቀሬ ነው፤ አሳቢ አያስፈልገውም። ማንም የእሳት እራት በሕይወት ዘመኗ ከነጭ ወደ ጥቁር አልተለወጠችም። ጥቀርሻውም አላቀለማትም። የተለወጠው በነጭና በጥቁር መካከል የነበረው የቁጥር መጠን ነው። በፈተና ወረቀት ላይ «ነፍሳቷ ለመኖር ስትል ጠቆረች» የሚል መልስ ስመለከት የማዝነው ለዚህ ነው፤ አንድም የእሳት እራት እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ሆኖም ይህ ስሕተት በአንድ ወቅት የሊቃውንት መላ ምት ነበር። በ1920ዎቹ ሄስሎፕ ሃሪሰን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ የሌሎች ዝርያዎችን አባጨጓሬዎች የብረታ ብረት ጨው የነካው ቅጠል አብልቶ ጥቁር ዘር አገኘሁ አለ። እውነት ቢሆን ኖሮ ብክለቱ ራሱ ጥቁርነትን ይፈጥራል፤ ወፎችም ምርጫም አያስፈልጉም። ሌሎች ሙከራውን ሲደግሙት ግን ውጤቱ አልተገኘም። ልብ በሉ፤ መላ ምቱ የወደቀው ሰው ስለጠላው ሳይሆን ሲደገም ስላልተገኘ ነው።

በ1924 ጄ. ቢ. ኤስ. ሃልዴን ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይዞ ወደ ጉዳዩ ገባ። ጥቁርነት ከአንዱ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚገለጥ ባሕርይ መሆኑ ይታወቅ ነበር። ሃልዴን የጠየቀው፣ ጥቁሮቹ ከአንድ በመቶ አካባቢ ተነሥተው በአምሳ ዓመት ዘጠና ዘጠኝ በመቶ አካባቢ ለመድረስ ምን ያህል ብልጫ ያስፈልጋቸዋል የሚል ነበር። ስሌቱ ያሳየው ሁለት ነጮች ለመራባት ሲበቁ ሦስት ያህል ጥቁሮች መብቃት እንዳለባቸው ነው። ይህ በዘመኑ ከሚታሰበው እጅግ የበረታ ምርጫ ነበር። ቁጥሩ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ መላ ምቱ የሚፈተንበት መለኪያ አገኘ።

ፈተናውን ወደ ጫካ ያወረደው በርናርድ ኬትልዌል ነው። በሕክምና ሙያ ከሠራ በኋላ ወደ ኦክስፎርድ መጥቶ ለነፍሳት ጥናት ራሱን የሰጠ ሰው ነበር። በ1953 በርሚንግሃም አጠገብ በጥቀርሻ በጠቆረ ደን ውስጥ 447 ጥቁርና 137 ነጭ ወንድ የእሳት እራቶችን በቀለም ነጥብ ምልክት አድርጎ ለቀቀ። በቀጣዮቹ ሌሊቶች በብርሃንና በሴቶቹ ሽታ እየሳበ መልሶ ሲይዝ ከጥቁሮቹ 123፣ ከነጮቹ 18 አገኘ። ይህም 27.5 በመቶና 13.1 በመቶ ማለት ነው።

ይህ ብቻውን በቂ አልነበረም። ምናልባት ጥቁሮቹ በተፈጥሯቸው ብርቱዎች ይሆናሉ፤ ምናልባትም በወጥመድ በቀላሉ ይያዛሉ። ስለዚህ ኬትልዌል በ1955 ጭስ ወዳልነካው የዶርሴት ደን ሄዶ ሙከራውን ደገመው። በዚያ ከለቀቃቸው 496 ነጮች 62፣ ከ473 ጥቁሮች ደግሞ 30 ብቻ ተመለሱለት። መጠኑ 12.5 በመቶና 6.3 በመቶ ነው፤ ውጤቱ ተገለበጠ። ጥቁሮቹ በተፈጥሯቸው ብርቱዎች ቢሆኑ ኖሮ በሁለቱም ቦታ ያሸንፉ ነበር። ከእርሱ ጋር የሄደው ኒኮ ቲንበርገንም ወፎች ያረፉትን የእሳት እራቶች ሲለቅሙ በፊልም ቀረጸ። ለእኔ የሙከራው እምብርት ያ የውጤት መገልበጥ ነው፤ በመጻሕፍቱ ውስጥ ጎልቶ የቀረው ግን ፎቶግራፉ ነው።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥርጣሬ እንምጣ። ኬትልዌል የሠራቸው ስሕተቶች ነበሩ፤ ልንደብቃቸው አይገባም። የእሳት እራቶቹን የለቀቃቸው በቀን ነው፤ እነርሱ ግን ማረፊያቸውን የሚመርጡት በሌሊት ነው። በአንድ ቦታ ከተለመደው በላይ አብዝቶ በመልቀቁ ወፎች እንዲለማመዱ አድርጎ ሊሆን ይችላል። በእጅ ያረባቸውንና ከዱር የያዛቸውን ቀላቅሏል። በግንድ ላይ ማረፋቸው የተለመደ መሆኑም በቂ ማረጋገጫ አልነበረውም። በመጻሕፍት የታተሙት ብዙዎቹ ፎቶግራፎችም ልዩነቱን ለማሳየት ሆን ተብለው የተዘጋጁ ናቸው። እነዚህን ድክመቶች ከማንም በፊት የዘረዘሩት ራሳቸው የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ናቸው። በ1998 ማይክል ማጄረስ በመጽሐፉ አንድ በአንድ ተነተናቸው። በዚያው ዓመት ጄሪ ኮይን ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ላይ መጽሐፉን ሲገመግም ይህ ምሳሌ ለጊዜው በደንብ እንደታወቀ ማስረጃ ሊቆጠር አይገባም እስከ ማለት ደረሰ። በ2002 የወጣ አንድ መጽሐፍ ደግሞ ነገሩን ከስሕተት ወደ ማጭበርበር ከፍ አደረገው። ኬትልዌል ከሞተ ቆይቷል፤ ራሱን ሊከላከል አልቻለም። በጥቀርሻ ላይ የተመሠረተው ጥናት ራሱ ጥላሸት ተቀባ።

ማጄረስ በክርክሩ ላይ ክርክር አልጨመረም፤ ሙከራውን እንደገና ሠራ። ከ2001 እስከ 2007 በካምብሪጅ በራሱ መኖሪያ ግቢ ውስጥ ሲደክም ቆየ። በመጀመሪያ የእሳት እራቶች በተፈጥሮ የት እንደሚያርፉ ለማወቅ ዛፎችን እየወጣ ፈለገ። ካገኛቸው 135 መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በጎን ቅርንጫፎች ላይ፣ ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በግንድ ላይ አርፈው ነበር። ተቺዎቹ በከፊል ልክ ነበሩ፤ ግንድ ዋነኛው ማረፊያ አይደለም፤ ግን እንግዳ ማረፊያም አይደለም። ከዚያም በስድስት ዓመታት ውስጥ 4,864 የእሳት እራቶችን ለቀቀ። በሌሊት ማረፊያቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ አደረገ፤ በአካባቢው ካለው የቁጥር መጠን እንዳይርቅ ተጠነቀቀ፤ ጎህ ሲቀድ ደግሞ የቀሩትንና የጠፉትን ቆጠረ። ዘጠኝ የወፍ ዝርያዎች ሲበሏቸው በመነጽር ተመለከተ።

በዚያ ጊዜ የካምብሪጅ አየር ንጹሕ ነበር። የተፈጥሯዊ ምርጫ መላ ምት ትክክል ከሆነ አሁን ተጋላጮቹ ጥቁሮቹ መሆን አለባቸው። ውጤቱም እንዲሁ ሆነ፤ ጥቁሮቹ በየቀኑ የመትረፍ ዕድላቸው ከነጮቹ በ9 በመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ማጄረስ በ2007 ውጤቱን በገለጻ አቀረበ፤ በጽሑፍ ሳያሳትመው በ2009 አረፈ። ባልደረቦቹ መረጃውን ተንትነው በ2012 አሳተሙለት።

ይህ ውጤት ብቻውን የቆመ አይደለም። ብሪታንያ በ1952 በለንደን ከደረሰው አስከፊ የጭስ ጉም በኋላ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ አወጣች። ሲሪል ክላርክ ከ1959 ጀምሮ በሊቨርፑል አቅራቢያ በየዓመቱ ሲቆጥር፣ መጀመሪያ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የነበሩት ጥቁሮች በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሃያ በመቶ በታች ወረዱ። ጭሱ ሲመጣ የወጣው ቁጥር ጭሱ ሲሄድ ወረደ። እንዲህ ያለ ደርሶ መልስ ጉዞ በአጋጣሚ ይሆናል ማለት አስቸጋሪ ነው።

የመጨረሻው ምስክር የመጣው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነው። በ2016 በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን ለጥቁርነቱ ምክንያት የሆነውን የዲኤንኤ ለውጥ አገኘ። ኮርቴክስ በሚባለው ጂን ክልል ውስጥ ወደ 22,000 ፊደላት የሚጠጋ ርዝመት ያለው፣ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘል የዲኤንኤ ቁራጭ ገብቶ ተቀምጧል። በጥቁሮቹ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይገኛል፤ በነጮቹ ውስጥ የለም። አንድ ለውጥ በፍጥነት ሲስፋፋ በዙሪያው ያለውን የዲኤንኤ ሰፈር አብሮ ይጎትታል፤ ያ ሰፈርም በየትውልዱ እየተበጣጠሰ ይሄዳል። ተመራማሪዎቹ የመበጣጠሱን መጠን ለክተው ለውጡ መቼ እንደተነሣ ሲገምቱ ለእውነት የቀረበው ዓመት 1819 ሆነ፤ ኤድልስተን ጥቁሯን ከመያዙ ሠላሳ ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ ዳርዊን የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ማለት ነው። ዲኤንኤው ኬትልዌልን አያውቅም፤ ፎቶግራፎቹንም አላየም። ሆኖም ከሰብሳቢዎች መዝገብ ጋር የሚገጥም ታሪክ ነገረን።

አንድ ነገር ግን በሐቀኝነት ልናገር። ይህ ማስረጃ ሁሉን አያረጋግጥም። የእሳት እራቷ ጥቁርም ነጭም ብትሆን ያችው የእሳት እራት ናት። የሚያረጋግጠው ተፈጥሯዊ ምርጫ በእርግጥ እንደሚሠራና ጉልበቱም እንደሚለካ ነው። የዝርያዎችን የጋራ ምንጭ የምናውቀው ከሌሎች ምስክሮች ነው፤ ከዲኤንኤ ንጽጽርና ከቅሪተ አካል። ለኋለኛው ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ፣ በሁለት እግር መሄድ ከትልቅ አንጎል መቅደሙን በአጥንቷ አሳይታለች።

ለመደምደም ከእንግሊዝ ደን ወደ አገራችን ጤና ጣቢያ ልምጣ፤ ያው ሂደት እዚህም በመካሄድ ላይ ነውና። በጤና ጣቢያ ከጣት ጫፍ ደም ተወስዶ የሚደረገውን ፈጣን የወባ ምርመራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አብዛኛው የዚህ ዓይነት መመርመሪያ ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ተውሳክ የሚለየው ተውሳኩ በሚያመነጨው ኤች አር ፒ 2 በተባለ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው ተውሳኮች አሉ። እነዚህ በመመርመሪያው ላይ አይታዩም። ታማሚው «ወባ የለብህም» ተብሎ ያለ መድኃኒት ይመለሳል፤ ተውሳኩም በትንኝ አማካይነት ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል። የሚታየው ተውሳክ ግን በመድኃኒት ይጠፋል። በ2021 የታተመ ጥናት ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚዋሰኑ የኢትዮጵያ አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን መርምሮ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ከፋልሲፓረም ወባ ሕሙማን 9.7 በመቶ ያህሉ በመመርመሪያው ሳይታዩ እንደሚያልፉ ገምቷል። የጂኑ መጥፋትም በቅርብ ጊዜ በፍጥነት የተስፋፋ መሆኑን በዲኤንኤ አሳይቷል።

ሦስቱን ሁኔታዎች አስታውሱ፤ ልዩነት አለ፤ ይወረሳል፤ መትረፍን ይነካል። ተውሳኩ አላሰበም፤ አላቀደም። በማንቸስተር ወፏ የሠራችውን እዚህ የሠራው መመርመሪያችን ነው። ይህን የተረዳ የጤና ባለሙያ በአንድ ዓይነት መመርመሪያ ብቻ አይታመንም፤ ተውሳኩን በሌላ ምልክት የሚፈልግ መሣሪያ እንዲመጣ ይጠይቃል። ያልተረዳው ግን ትኩሳት ያለበትን ልጅ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል።

እንግዲህ ተማሪዬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ፣ ለጥያቄው የዘገየው መልሴ ይህ ነው። ፎቶግራፉን በተመለከተ ልክ ነበርህ፤ መጠርጠርህም የሚያስመሰግንህ ነው። ማስረጃው ግን በርሚንግሃም ላይ የተገኘው ውጤት ዶርሴት ላይ መገልበጡ፣ አየሩ ሲጠራ ቁጥሩ መመለሱ፣ ተጠራጣሪው ራሱ ስድስት ዓመት ደክሞ እዚያው ድምዳሜ ላይ መድረሱ፣ ዲኤንኤውም ከመዝገቡ ጋር መግጠሙ ነው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ተቃራኒ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ መላ ምቱ ይወድቅ ነበር። ለመውደቅ ይህን ያህል ዕድል ተሰጥቶት አልወደቀም።